ድምፅ ማጉያውን የጠገንኩ ሰሞን

ረቡዕ፣ የካቲት 4

አልሞተም! ሰው ሁሉ ተቃጥሏል፣ አብቅቶለታል ያለው የቀበሌው ድምፅ ማጉያ አልሞተም። አሁን አልጋዬ ላይ ተቀምጧል፤ ሆዱ ተከፍቶ፣ ሽቦው ተዘርግፎ። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ይህን እጽፋለሁ።

ከትምህርት ቤት ስወጣ አንድ የቀበሌ ጥበቃ በሩ ላይ ጠብቆኝ «ሊቀመንበሩ ይፈልግሃል» አለኝ። ጣሪያው ላይ የዘረጋሁት የአንቴና ሽቦ ነው ያስጠራኝ ብዬ ፈርቼ ነበር። አንዱ «መምህሩ የውጭ ጣቢያ ያዳምጣል» ብሎ አሳብቆብኛል ብዬ። መንገዱን ሙሉ የምሰጠውን መልስ ሳዘጋጅ ሄድኩ፤ ስደርስ አንዱም ትዝ አላለኝም። ሊቀመንበሩ ጓድ ይመር ግን ከወንበሩ ብድግ ብሎ ጨበጠኝ። ጠረጴዛው ላይ አቧራ የጠጣ ሣጥንና እንደ ጥሩንባ አፉ የሰፋ ማጉያ አለ።

«መምህር ደምሴ፣ አንተ ፈተህ የማትገጥመው ዕቃ የለም አሉኝ። ይኼ ከክረምት ጀምሮ ዲዳ ሆኖብናል» አለኝ። ለበልግ የሚዘራ ዘር ከወልድያ እየመጣ ነው፤ ቅዳሜ ገበያ ላይ ለገበሬው ሊነገር ነው፤ ለፋፊው ሽማግሌ ደግሞ ጉሮሮው ተዘግቷል። ይህን ሲያወራ ልቤ ከሣጥኑ ጋር ነበር። ብሎኑን በዓይኔ እየፈታሁ ነበር። እሺ ከማለቴ በፊት አንሥቼዋለሁ።

እንደ አራስ ታቅፌው ዳገቱን ወጣሁ። እትዬ ብርቄ ደጃፋቸው ላይ ጧፍ እየሠሩ ነበር። «ደሞ ይኼ ምንድን ነው? ቤቴን ጋራዥ አደረግኸውኮ!» አሉኝ። የምኖረው እሳቸው ቤት ነው። ክብ፣ ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት ነው፤ እሳቸውና ልጃቸው ካሳሁን ከታች፣ እኔ ከላይ። ከደሴ ተመድቤ ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። የሰሙ ሽታ ልብሴ ውስጥ ገብቷል፤ እናቴ ባለፈው ክረምት ስሄድ «ቄስ ቄስ ትሸታለህ» ብላ ስቃብኛለች።

ካሳሁንን ካሴ እንለዋለን። በአንድ ዓመት ይበልጠኛል፤ ሃያ ስድስት ሞልቶታል። አስጎብኚ ነው፤ ጎብኚ ሲገኝ። አሁን በጦርነቱ ምክንያት ነጭ የሚባል ዝር አይልም፤ እሱም ጣሊያንኛው እንዳይዝግበት ከእናቱ በግ ጋር ያወራል። ሣጥኑን እንዳየ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጠ ወጣ። ሁለታችንም አንድ በሽታ ነው ያለብን። አንድ ቀን ሀብታም ከሆንን የምንገዛቸው ዕቃዎች አሉ፤ ዛሬም ቆጠርናቸው፦ ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ፣ ድምፁ ሲጨምር መብራቱ የሚዘል ዓይነት። በፀሐይ የሚሠራ ካልኩሌተር። ካሴ አንድ ጎብኚ ወገብ ላይ ያያት፣ ጆሮ ላይ የምትሰካዋ ትንሽ ቴፕ። ይቺ የመጨረሻዋ በሕልሙ ትመጣለች።

እጄ ይበላኛል። ነገ ክፍል ውስጥ ምን እንደማስተምር አላሰብኩም።


ሐሙስ፣ የካቲት 5

በሽታው ተገኘ። ኃይል የሚሰጠው ትራንዚስተር ነዷል። ሌላው ሁሉ ደህና ነው፤ አንድ ሁለት ቦታ ብየዳው ለቋል።

እዚህ አገር ትራንዚስተር ከየት ይመጣል? አልጋዬ ሥር ያለውን ካርቶን ገለበጥኩት። የተሰነጠቀ ስፒከር፣ የሰዓት ማሰሪያ፣ ፀሐይ አስመትቼ ነፍስ የምዘራባቸው ያረጁ ባትሪ ድንጋዮች፣ የቴፕ ዲናሞ። በመጨረሻ የመኪና ራዲዮዬን አየሁት። ካሴ ገደል ከገባ መኪና ላይ ፈትቶ ያመጣልኝ ነው። ካሉኝ ዕቃዎች ሁሉ የምወደው እሱን ነው። ልክ የሚሆነው ትራንዚስተር ያለው እሱ ውስጥ ብቻ ነው።

ነቀልኩት። ጥርስ እንደማስነቀል ነበር።

«አንተ እብድ፣ ያን ራዲዮ ያመጣሁልህ ለቀበሌ ነው?» አለ ካሴ።

«ሲሠራ ታየዋለህ» አልኩት።

መብራት ስለሌለን የብየዳውን ብረት የማግለው በከሰል ነው። እሱ ያራግባል፣ እኔ እበይዳለሁ፤ ብረቱ እስኪቀዘቅዝ ያለችን ጊዜ አጭር ናት። ጣቴን ተቃጠልኩ። ምንም አልመሰለኝም። ራዲዮዬ የሚሠራበትን የመኪና ባትሪ ስንገጥም መጀመሪያ ዝም አለ። ቀጥሎ በቀስታ እሽሽ አለ፤ ከዚያ ንብ ቀፎ ውስጥ እንደሚጮኸው ያለ ድምፅ። ካሴ ማይኩን ነጥቆኝ በጣሊያንኛ «ክቡራን እንግዶች እንኳን ወደ ላሊበላ በደህና መጣችሁ!» ብሎ ጮኸበት። የጎረቤት ፍየሎች ገመድ በጥሰው ሄዱ። እትዬ ብርቄ ከታች «በስመ አብ!» አሉ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቃቸውን ሰማሁ።

እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሥራ እንዲህ ከሆነ ዕድሜ ልኬን ልሥራ። ነገ ምን ላድርግ፣ ማንን ላግባ፣ መቼ ነው ከዚህ የምዛወረው የሚለው ሐሳብ ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፍቶ ዋለ።


ዓርብ፣ የካቲት 6

አስረከብኩ። ጓድ ይመር ማይኩን በጣቱ ነካ ነካ አደረገና «ሀሎ» አለ፤ ድምፁ ገደል መትቶ ተመለሰ። እንደ ልጅ ሳቀ። «አብዮቱ እንደ አንተ ያለ ባለሙያ ይፈልጋል» አለኝ። ነገ ከመሣሪያው አጠገብ ሆኜ ድምፁን እንድቆጣጠር አዘዘኝ። ባይለኝም እሄድ ነበር።

ካሴ ነገ በጠዋት ኩልመስክ ወደ አጎቱ ሊወርድ አስቧል። ለብሔራዊ ውትድርና ሰው ይለቀማል የሚል ወሬ ሰምቷል። ወሬ በተነሣ ቁጥር እትዬ ብርቄ ስንቅ ቋጥረው ወንድማቸው ዘንድ ይልኩታል። እኔ ሳቅሁበት። «የዘር እህል ነው የሚታደለው፤ ከሊቀመንበሩ አፍ ሰምቻለሁ። ሠርተኸው ሠርተኸው ሳትሰማው ልትሄድ ነው? ስማውና እሑድ ትሄዳለህ» አልኩት።

አመነታ። ከዚያ «እሺ፣ ግን ከፊት ነው የምቆመው» አለ።


ቅዳሜ፣ የካቲት 7

ካሴን ወሰዱት።

ልጽፈው ሞክሬ ሁለቴ ትቼዋለሁ። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ገበያው ሞልቶ ነበር። ይመር ማይኩን ይዞ «ዘር የምትፈልጉ ወንዶች ሁሉ ወደ ሜዳው ውረዱ፤ ሴቶች ባላችሁበት ቆዩ» አለ። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። እስከ አሸተን ተራራ ግርጌ የተሰማ ይመስለኛል፤ ከዳገቱ ላይ ሰዎች እየሮጡ ሲወርዱ በዓይኔ አየሁ። እኔ ከሣጥኑ አጠገብ ቆሜ ድምፁን ስጨምር ስቀንስ ደረቴ ተነፍቶ ነበር። ካሴ እንዳለው ከፊት ነበር። ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ይስቅብኝ ነበር።

ወታደሮቹ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ወጡ። ሜዳውን ከበቡት። ከዚያ ሽማግሌውን ወደዚህ፣ ወጣቱን ወደዚያ መለየት ነው። አንዱ ገበሬ በሬውን አልለቅም ብሎ ገመዱን ይዞ ሲጎተት አየሁ። ካሴ የአስጎብኚነት መታወቂያውን አወጣ። ወታደሩ ሳያየው ኪሱ ከተተው።

ወደ ይመር ሮጥኩ። «ጓድ ይመር፣ ካሳሁን እኮ ነው፣ የእትዬ ብርቄ ልጅ…»

ማይኩን በእጁ ከደነና «ይጮኻል፤ ድምፁን ቀንስ» አለኝ።

ቀነስኩ። እጄ ሄዶ ቀነሰው።


እሑድ፣ የካቲት 8

እትዬ ብርቄ ጠዋት ከቅዳሴ ሲመለሱ ደረጃው ሥር ቆመው ጠሩኝ። ነጠላቸውን አላወረዱም።

«ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም ነበር፣ እትዬ። ዘር ነው ያለኝ።»

«እንዳይሄድ ያልከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«እሺ» አሉ። ወደ ቤት ገቡ። ቢጮኹብኝ፣ ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። 

የተያዙት እህል መጋዘኑ ውስጥ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ምግብ ይዘው ሲወጡ ከኋላቸው ተከተልኩ። ቅበላ ስለሆነ ዶሮ ሠርተውለት ነበር። ጥበቃው ሳህኑን ተቀብሎ በሩን ዘጋ። ውጭ የቆሙት እናቶች ብዙ ናቸው፤ አንዷ የልጇን ስም ብቻ ደጋግማ ትጠራለች፤ ከውስጥ የሚመልስላት የለም። አንዲት ሴትዮ ወደ እኔ ጠቁማ ለጓደኛዋ የሆነ ነገር አለቻት። ሁለቱም ዘወር ብለው አዩኝ።

ካርቶኑን በእግሬ ገፍቼ አልጋው ሥር ጥግ አስገባሁት። ትራንዚስተሩ የወጣለትን ራዲዮዬንም አብሬ ከተትኩት።


ሰኞ፣ የካቲት 9

ክፍል ውስጥ ከኋላ ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸው። የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ አይያዙም፣ ገና ልጆች ናቸው፤ ግን ወላጆቻቸው አስቀርተዋቸዋል። የተገኙት ስለ ኤሌክትሪክ ሳስተምር ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። «ቲቸር፣ ማይኩን የሠራኸው አንተ ነህ አይደል?» አለችኝ አንዷ። በአድናቆት ነው የጠየቀችኝ። እሱ ባሰብኝ።

ወደ ቀበሌ ሄድኩ። ሁለት ጊዜ ከበር ተመልሼ በሦስተኛው ገባሁ። ይመር ሻይ አስመጣልኝ። ለመንኩት። እናቱ ባል የሌላቸው ናቸው፣ ሌላ ልጅ የላቸውም አልኩት። ሰማኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«ኮታችን አልሞላም፤ እኔም ከበላይ ዱላ አለብኝ። ረቡዕ ኩልመስክ እንወርዳለን። ሰዉ የላሊበላውን ሰምቷል፤ ዳገት ዳገቱን ይዞ አይቀርብም፤ ስለዚህ ዕቃው በደንብ መጮህ አለበት። አብረኸን መጥተህ አሠራው። እዚያ ሰው ካገኘን ያንተን ጓደኛ ታሟል ብዬ አወጣዋለሁ። ካላገኘን ሐሙስ ጠዋት ከሌሎቹ ጋር ይጫናል» አለኝ።

ሻዩን ጠጣሁት። ለምን እንደጠጣሁት አላውቅም።


ማክሰኞ፣ የካቲት 10

ይመር ካሴን እንዳነጋግረው ፈቀደልኝ። በመጋዘኑ ጓሮ በኩል አወጡት። በሦስት ቀን ፊቱ አጥንት ሆኗል፤ ፀጉሩ ውስጥ ገለባ ገብቷል። ነገርኩት። «አታድርገው፤ ሌላ መንገድ እንፈልግ» ይለኛል ብዬ ነበር። እንዲህ ቢለኝ ሸክሙ ከትከሻዬ ይወርድልኛል ብዬ ነው መሰለኝ የሄድኩት።

«አድርገው» አለኝ።

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹን አላውቃቸውም፣ ደምሴ። እኔን ታውቀኛለህ።» ክንዴን ያዘኝ፤ ጥፍሩ ገባኝ። «አንድ ልጅ አለ እዚህ ውስጥ፣ ወንድሙ ሰሜን ሄዶ የቀረበት። ማታ ማታ የሚያወራውን ብትሰማው… አድርገው። እባክህ።»

ስመለስ እትዬ ብርቄ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። ከየት እንደሰሙ እንጃ፣ ሰምተዋል። ተነሥተው ጉልበቴን ሊይዙ ጎንበስ አሉ። እናቴ የምትሆን ሴት! አንሥቼ አቆምኳቸው። «ስለ ልደታ ብለህ» አሉ። «እሄዳለሁ፣ እሺ፣ እሄዳለሁ» አልኳቸው።

እሄዳለሁ። ተወስኗል። የማላውቀው የሰው ልጅ ነው። ሁሉም ሰው የራሱን ያድናል።

ለምንድን ነው ታዲያ ከትናንት ጀምሮ እህል ያልቀመስኩት?


ረቡዕ፣ የካቲት 11

ሳይነጋ በመኪና ወጣን። እኔ ከኋላ፣ ሣጥኑን ጭኔ ላይ ይዤ። መንገዱ ሲያነጥረን እንዳይጎዳ በሁለት እጄ አቅፌው ነበር፤ ይህን ያወቅሁት ግማሽ መንገድ ከሄድን በኋላ ነው።

ኩልመስክ ላይ የዘር ጆንያዎች በእርግጥ ተከምረዋል። ሰው እንዲያያቸው ሜዳው መሐል አድርገዋቸዋል። ወታደሮቹ አይታዩም፤ ከመጋዘን ጀርባ እንዳሉ አውቃለሁ። ገበሬው ይመር እንዳለው ዳገቱ ላይ ነጭ ነጭ ሆኖ ቆሟል። አይሄድም፣ አይመጣም። ዘሩን አይቶ መሄድ አቃተው፤ ሜዳውን አይቶ መውረድ አቃተው። የበልግ ዝናብ ጥሎ መሬቱ ረጥቧል፤ ዘር የሌለው ሰው ምን ይሁን?

የካሴ አጎት አያ ሞላ ከሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ጋር ከቀረቡት ጥቂት ሰዎች መካከል ነበሩ። ባለፈው ዓመት ካሴ ይዞኝ ሄዶ ማር አብልተውኛል። አወቁኝ። «መምህር! የላሊበላው ነገር እውነት ነው? ካሳሁን ደህና ነው? እኛስ ይኸው ዘሩን በዓይናችን አየን ብለን መጣን» አሉኝ። ይመር አጠገቤ ነበር። «ደህና ነው» አልኩ።

ይመር «ግጠመው» አለኝ።

የባትሪውን ሽቦዎች ያዝኩ። አንዱ ቀይ ነው፣ አንዱ ጥቁር። ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪም ያውቀዋል። ልጆቹ አባታቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ታናሽየው ጆሮው ላይ አበባ ሰክቷል። ቀዩን ከጥቁሩ ቦታ፣ ጥቁሩን ከቀዩ ቦታ አደረግሁና ከፈትኩት።

ተቅ አለ። ያ ብቻ ነው። ከዚያ ሽታው መጣ፤ እኔ ብቻ የማውቀው የተቃጠለ ሽታ። ከክዳኑ ሥር ቀጭን ጭስ ወጣ። ጭሱን ሲያዩ አንዳንዶቹ ወደኋላ ሸሹ። ይመር ማይኩን ወርውሮ በባዶ አፉ መጣራት ጀመረ፤ ነፋሱ ቃሉን ከአፉ እየነጠቀ ወሰደበት። ዳገቱ ላይ ያለው ሰው መበተን ጀመረ። አያ ሞላን በዓይኔ አየኋቸው፤ በአንገቴ ብቻ «ሂዱ» አልኳቸው። ገባቸው። የልጆቻቸውን ክንድ ይዘው እንደ ዋዛ ቀስ ብለው ራቁ።

ወታደሮቹ ሲወጡ አምስት ስድስት ሰው ነው ያገኙት። አምስት ስድስት ግን አግኝተዋል። አንዱ ጆንያው ላይ እጁን ጭኖ ነበር፤ እንደዚያው ነው የወሰዱት።

«ምን ሆነ?» አለኝ ይመር። ዓይኑ ቀልቷል።

«አሮጌ ነው። መንገዱ አንገላታው» አልኩ።  


ሐሙስ፣ የካቲት 12

የወታደሮቹ ኦራል መኪና ጠዋት ተነሣ። ከተማው ሁሉ ወጥቶ ነበር። ካሴ ከኋላ ከተሳፈሩት መሐል ጫፉ ላይ ነው። አንገቱን እየመዘዘ ሲፈልገኝ አየሁት። መጨረሻ ላይ አየኝ።

«ደምሴ! ምን ሆነ?» ብሎ ጮኸ።

 «ምን ሆነ? አልሄድክም እንዴ?» አለ ደግሞ። መኪናው አቧራውን አስነሥቶ ዞረ። እትዬ ብርቄ ነጠላቸው ወድቆ ከኋላው ሮጡ፤ ሴቶች ያዟቸው።

ቤት ስንገባ ነገርኳቸው። ተበላሸ ብል ያምኑኝ ነበር። ለይመርም ያልኩት እሱን ነው። ግን ደረጃው ላይ እንደተቀመጡ ፊታቸውን አይቼ መዋሸት አልሆነልኝም። ሽቦውን ገልብጬ እንደገጠምኩ፣ አውቄ እንዳቃጠልኩት ነገርኳቸው።



«ሞላ እዚያ ነበር?»

«ነበሩ። ከነልጆቻቸው።»

«ልጆቹ ወጡ?»

«ወጡ።»

በጣታቸው ቀሚሳቸው ላይ የደረቀውን ሰም ፈቀፈቁ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና «የኔስ?» አሉ።

 


ዓርብ፣ የካቲት 13

አስተማርኩ። ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም።

ትክክል ያደረግሁ መስሎኝ ነበር። ኩልመስክ ላይ ለአንዲት ደቂቃ ያህል እንዲያ ተሰምቶኛል። አሁን ሳስበው የማንንም ሸክም አላወረድኩም፤ ከአንዷ እናት ጫንቃ አንሥቼ ለሌላዋ ጫንኩት እንጂ። ለዚያውም ምግቤን ለምታበስልልኝ። ካሴ ደግሞ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አድርግ አለኝ፣ አላደረግሁም።

ይመር ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። ሰላም አለኝ። እንዲያው በነገር ነገር «ዕቃውን ደሴ ልከነዋል። አንድ ባለሙያ ያየውና ለምን እንደተቃጠለ ይነግረናል» አለኝ። ፈገግ ብሎ ነው ያለኝ። ባለሙያ ከሆነ ሽቦው ተገልብጦ መገጠሙን አንዴ አይቶ ያውቃል።

የራት ሳህኔን እትዬ ብርቄ ደረጃው ላይ አስቀምጠውልኝ ሄደዋል። በእጃቸው አይሰጡኝም። ግን አልተውኝም። ይኼን ምን እንደምለው አላውቅም። አልበላሁትም። ኋላ ግን እንዳያዝኑ ብዬ በላሁት።


እሑድ፣ የካቲት 15

ነገ ሁዳዴ ይገባል። ከየቤቱ የሥጋ ሽታ ይወጣል፤ ከእኛ ቤት አይወጣም።

ትናንት ምንም አልጻፍኩም፤ የሚጻፍ አልነበረም። ገበያው ላይ አንድም ወጣት አልወጣም።

ዛሬ ግን ከወልድያ ጨው ጭኖ የመጣ ሾፌር ለእትዬ ብርቄ ወሬ ነገራቸው። የእኛ ልጆች ገና ወደ ማሠልጠኛ አልሄዱም፤ ወልድያ አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው፤ ሐኪም እያያቸው ነው፤ የሚመለሱም አሉ። ማን እንደሚመለስ፣ ለምን እንደሚመለስ አያውቅም። ለአንዳንዱ ዘመድ ቀርቦ ለምኖለት ነው ይላሉ። ይላሉ ነው።

ከላይ ሆኜ ስንቅ ሲቋጥሩ ሰማሁ። ብዙ አሰብኩ፣ ከዚያ ማሰቡን ትቼ ወረድኩ።

«እትዬ፣ አብሬዎት ልሂድ።»

ቀና ሳይሉ «ትምህርት ቤቱስ?» አሉ።

«ይቅር።»

«ይመርስ? ሸሸ አይልህም?»

«ይበል።»

ቋጠሮውን አጠበቁት።  ጨው ያመጣው መኪና ነገ ጠዋት ይመለሳል።


ሰኞ፣ የካቲት 16

ወልድያ መዳረሻ፣ ድልብ ላይ ነን። ሞተሩ ግሎ እስኪቀዘቅዝ ቆመናል፤ ጉልበቴ ላይ አድርጌ እጽፋለሁ።

ጠዋት ስሳፈር ማንም አልከለከለኝም። የቀበሌው ጥበቃ አይቶኛል፤ ለይመር መንገሩ አይቀርም። የመልቀቂያ ወረቀት የለኝም። ደሴ ያለው ባለሙያም ዛሬ ወይ ነገ ያን ሣጥን ይከፍተዋል። ስመለስ ምን እንደሚጠብቀኝ፣ መመለሴንም አላውቅም። ግን ከቅዳሜ ወዲህ ዛሬ ነው በደንብ የተነፈስኩት።

ኩልመስክ ላይ መኪናው ሰው ለማሳፈር ቆመ። አያ ሞላ ወሬ ሰምተው መንገድ ዳር ወጥተው ነበር፤ ትንሹ ልጃቸው አብሯቸው አለ። ትልቁን ቆላ ዘመድ ቤት ልከውታል። እትዬ ብርቄ ወረዱ። ወንድማቸውን ሳሙና ወደ ልጁ ዞሩ። አገጩን ይዘው አዩት። ዝም ብለው ነው ያዩት፤ ልጁ አፍሮ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ግንባሩን ሳሙት፤ እንደሳሙት ማልቀስ ጀመሩ። ካሴ ከተወሰደ ወዲህ ሲያለቅሱ ያየሁት ያኔ ነው።  እኔ ከመኪናው ወርጄ ጎማው አጠገብ ቆሜ እጄ የት እንደሚቀመጥ ጠፋኝ።

ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ። እትዬ ብርቄ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ወደ መኪናው መጡ። ረዳቱ ደግፎ ሊያወጣቸው እጁን ዘረጋ። አልያዙትም። ወደ እኔ ዞሩና እጃቸውን ሰጡኝ።

«በል ደግፈኝ። መንገዱ ገና ነው» አሉኝ።